ጉንዳን ስትጠራ

በሆስፒታሉ የካርድ ክፍል መስኮት አጠገብ ተቀምጬ በማይክ ስም የምጠራው እኔ ነኝ። ካርዱን ከቁልሉ አነሣለሁ፣ ስሙን እጠራለሁ፣ ባለቤቱ ይነሣል። ያልመጣ እንደሆነ እስከ ሦስቴ እደግመዋለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ካርዱ ከቁልሉ ሥር ይገባል። ማይኩን ከመክፈቴ በፊት በልቤ «ማርልኝ» እላለሁ። የማንም ጆሮ አይሰማውም፤ ለሚሰማው ግን ይበቃል። ቤት ስገባ ስሜን የሚጠራ ስለሌለ፣ ቀኑን ሙሉ የሰው ስም ከአፌ አለመጥፋቱን እንደ በረከት እቆጥረዋለሁ።

አንድ ጠዋት አንድ በያጅ መጣ። በያጅነቱን የነገረኝ የሸሚዙ እጅጌ ነው፤ የእሳት ፍንጣሪ ወንፊት አድርጎታል። መስኮቱ ጋ ያለው ሰው ሁሉ እስኪያልፍ ጠብቆ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ላስቸግርሽ ነው።»

«ካርድ ጠፋብህ?»

«ኧረ አልጠፋብኝም። ባለቤቴ ትናንት እዚሁ ፎቅ ላይ ወልዳለች። ሴት።»

«እንኳን ደስ አለህ!»

«ደስታውስ አለ። ስሟ ላይ ነው የተጣላነው።»

ሰው መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ሊጠይቀኝ ይመጣና ሆዱን ዘርግፎልኝ ይሄዳል፤ ለምጄዋለሁ። ማይኩን ዘጋሁና ጠበቅሁት።

እናትና አባቱን አያውቃቸውም። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ቁመቷ ከበር እጀታ ብዙ አይበልጥም ነበር አለኝ። ሕንፃ በሚሠራበት ሁሉ እየዞረች ጡብና አሸዋ ትሸከማለች፤ ሸክሙ ከእሷ ስለሚበልጥ ግንበኞቹ «ጉንዳን» አሏት፣ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። ዋናውን ስሟን እሱ ራሱ የሰማው ካደገ በኋላ ነው፤ ሲሰማው የሌላ ሰው ስም መሰለው። አላገባችም፣ አልወለደችም። እሱ ለሥራ ሌላ ከተማ ሳለ ሞተች። ሲደርስ ጎረቤት ቀብሯት፣ ክፍሏ ለሌላ ተከራይ ተሰጥቶ ነበር።

«አሁን ስሟን የሚያነሣ የቀረሁት እኔ ነኝ» አለ። «እኔም ብሆን ከማን ጋር አነሣዋለሁ? ለብቻዬ ነው። እና ልጄን ጉንዳን ልበላት አልኩ።»

ከንፈሬን ነከስሁ።

«አየሽ፣ አንቺም!»

«አልሳቅሁም እኮ።»

«ልትስቂ ነበር።»

ልስቅ ነበር፤ ምን ያስዋሸኛል።

ሚስቱ ክፉ ሴት አይደለችም። በልጅነቷ ስሟ መሳለቂያ ሆኖባት ትምህርት ቤት የጠላች ናት፤ ስም ሲጠራ «አለሁ» ላለማለት ስንት ቀን ከክፍል ቀርታለች። ስለዚህ ቁርጡን ነገረችው፦ ሰው በተሰበሰበበት ይጠራ፤ የሚስቅ ከሌለ እንዳልክ ይሁን፤ አንድ ሰው እንኳ ከሳቀ ግን ሁለተኛ እንዳታነሣብኝ።

«እና አንቺ እንድትጠሪልኝ ነው፣ እትዬ። ከካርዶቹ መሃል ቀላቅለሽ፣ እንደ ማንኛውም ሰው።»

ካርድ የሌለውን መጥራት ከሥራዬ ደንብ ውጭ ነው። ግን ዕድሜ ልኬን ስጠራ፣ የሞተ ሰው ጥሪልኝ ብሎ የለመነኝ አልነበረም። «ሂድ ተቀመጥ» አልኩት። ከኋላ ጥግ ላይ ተቀመጠና መዳፎቹን በጉልበቶቹ መሃል ከተተ።

ሁለት ካርድ ጠራሁ። ቀጥሎ በልቤ «ነፍሷን ማርልኝ» ብዬ ማይኩን ከፈትሁ።

«ጉንዳን!»

አዳራሹ ለአፍታ እርስ በርሱ ተያየ። እግሩ በጀሶ የታሰረ አንድ ሹፌር፣ «ስኳር የያዛችሁ ደብቁ!» ከማለቱ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። «እሰይ! ወረፋ ማክበር እንኳ ከእሷ እንማራለን!» አለች ልጅ የታቀፈች ሴት። በያጁን አየሁት። ፈገግ ለማለት ሞክሮ ፊቱ እምቢ አለው።

ነገሩ እዚያው ላይ አብቅቷል። እጄ ግን ልማዱን አይተውምና ማይኩን ደግሜ ከፈትሁ። «ጉንዳን!» ጥቂት ሰዎች ሳቁ። ለሦስተኛ ጊዜ ስጠራ የሳቀ የለም። ስም ተጠርቶ ባለቤቱ ሲጠፋ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማንም ደስ አይለውም።

«የት ገብታ ነው ይቺ ልጅ?» አሉ ከፊት የተቀመጡ ባለ ከዘራ እናት። «ደክሟት አንዱ ጥግ ወድቃ እንዳይሆን! ከምትገለፍጡ ተነሡና እዩዋት እንጂ!»

መጀመሪያ የተነሣው ሹፌሩ ነው፣ በአንድ እግሩ። «መጸዳጃ ቤቱን እኔ አያለሁ፣ እማማ፣ አይቆጡ» ብሎ እያነከሰ ሄደ። ልጅ የታቀፈችው ሴት በመስኮት አንገቷን ወደ ግቢው አውጥታ፣ «ጉንዳን! ኧረ ተራሽ ደርሷል! ጉንዳንዬ!» እያለች ተጣራች። አንዱ ወደ በሩ፣ ሌላው ወደ ደረጃው አለ። እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ እኔ ግን ማይኩን ይዤ ፍለጋቸውን አያለሁ።

በያጁ መሃላቸው ቆሞ አንዱን ካንዱ ያያል። ቆይቶ ወደ መስኮቴ መጣ።

«ሳቁ» አለኝ።

«ሳቁ። ግን ፈለጓት።»

«አየሁ።» አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። «ያኔ እንዲህ ብሎ የፈለጋት ቢኖር...» ብሎ ተወው።

«ይህንንም ለባለቤትህ ንገራት።»

«እነግራታለሁ። መጀመሪያ ግን መሳቃቸውን ነው የምነግራት። ቃል ገብቼላታለሁ።»

እኔ ብሆን ሳቁን ዘልዬ ፍለጋውን ብቻ በነገርኳት። እሱ ደረጃውን ቀስ ብሎ ወጣ። እኔም ለአዳራሹ፣ «ተሳስቼ ነው፤ ካርዷ እዚህ የለም» አልኩ። «እግዜር ይይልሽ፣ አስደነገጥሽን እኮ!» አሉ ባለ ከዘራዋ እናት።

ለምሳ ልነሣ ስል ወረደ።

«ምን አለች?»

«የስኳሩን ቀልድ ስነግራት የሆዷን ስፌት ይዛ ሳቀች። መፈለጋቸውን ስነግራት አለቀሰች። ኋላ፣ አይሆንም አለች።»

«አዘንህባት?»

«በምን አንጀቴ! ልክ ናት። የምትሸከመው ልጅቷ ናት እኮ፣ እኔ አይደለሁ።» «በይ ደህና ዋይ» ብሎኝ ሄደ። ያን ቀን ምሳዬን ብቻዬን ስበላ ዝምታው ከወትሮው ከበደኝ።

ልጅቷ ማንም የማይስቅበት ስም ወጣላት፤ በቀን ስንት ጊዜ የምጠራው ዓይነት።

ለክትባት በመጣች ቀን ካርዷ እጄ ገባ። «ማርልኝ» ብዬ ስሟን ጠራሁ። ሁለት እናቶች ሕፃን እንደታቀፉ ባንድ ጊዜ ተነሡ፤ የአባቷን ስም ስጨምርበት ተያይተው ተቀመጡ። በያጁ ከኋላ ነበር፤ ሚስቱ መድኃኒት መስኮቱ ጋ ተሰልፋለች። ሕፃኗን ወደ አገጩ አስጠግቶ ከንፈሩ ቀስ ብሎ ይንቀሳቀሳል፤ የሚጠራት እኔ በጠራሁት ስም አይመስልም። አልተነሣም።

ደገምሁ። አሁንም አልሰማም።

አጠገቡ ያለችው፣ ቅድም ከሚስቱ ጋር ስታወራ የነበረችው ሴት በክርኗ ነካ አደረገችው። «ወንድሜ፣ ያንተን ልጅ አይደል እንዴ የሚጠሩት?»

ቀና አለ። መጀመሪያ ወደ ድምፅ ማጉያው፣ ከዚያ ወደ ሕፃኗ ፊት አየ።

«አዎ» አላት፣ «የኔው ናት።» ብርድ ልብሷን አስተካክሎ ተነሣ።