ዩኒፎርም የመለስን ዕለት

1.

«ዩኒፎርም የመለሰ ሰው ሥራ ለቋል። ደንቡ የቤቱ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም» አሉ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ፣ አቶ ናሁሠናይ።

ደንቡስ እውነት ነው። አስፈጻሚውም እኔ ነበርኩ፤ ኮምቦልቻ ባለው በዚህ ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛው አሰግድ። ቁጥር ሳልለጥፍ መጻፍ የማይሆንልኝም ከሥራዬ የተነሣ ነውና ታገሡኝ።

2. ለምን መለስን?

ሐጂ ይመር ሆቴሉን ሸጡ። ዩኒፎርማችን ደረት ላይ ስማቸው ተጠልፏል። የሳቸውን ስም ለብሶ ለሌላ ጌታ ማጎንበስ ነውር መሰለን። አጥበን፣ ተኩሰን፣ በስንብታቸው ቀን ፊታቸው አኖርንላቸው። ሐጂ አለቀሱ። ዱዓ አደረጉልን፤ እኛም «አሚን» አልን።

አሚን ማለት ሥራ መልቀቅ መሆኑን ማን ነገረን?

3. ለምን መለስን?

ስለምንወዳቸው።

4.

አስተናጋጇ ዘምዘም ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። አዲሱ ባለቤት ያሰፋው ዩኒፎርም ሲለካ ሆዷ ላይ አልቆለፍ ብሏል። ነባር ሠራተኛ ከተባለች የወሊድ ፈቃዷን ከነደመወዟ ወስዳ ትመለሳለች። አዲስ ቅጥር ከሆነች ግን የሙከራ ጊዜ ላይ ናት፤ ነገ «አልተስማማሽንም» ቢሏት መሄድ ነው። ከዚህች ሥራ ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

አንባቢ ሆይ፣ ሌላውን ብትረሳ ይቺን ያዝልኝ። እኔ ስለሷ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

5. ቃል በቃል

ናሁሠናይ፦ አዲሱን ውል ፈርሚና ሥራሽን ቀጥይ።

ዘምዘም፦ መች ለቀቅኩና ነው አዲስ የምቀጠረው?

ናሁሠናይ፦ ዩኒፎርም መልሰሻል።

ዘምዘም፦ ለሐጂ ክብር ነው እንጂ! እርስዎ ሰው ሲሰናበቱ እንዲያው ጀርባዎን ሰጥተው ነው የሚሄዱት?

ናሁሠናይ፦ (ውሉን ወደሷ ገፋ አደረጉት)

እኔ፦ የሚለቅ ሰው ዩኒፎርሙን የሚያስረክበው ለእኔ ነው። እኔ ከማንም አልተረከብኩም።

ናሁሠናይ፦ አንተም መልሰሃል እኮ።

እኔ፦ መልሻለሁ።

ወጥ ቤቷ እትዬ ከድጃ (ከበር ውጭ)፦ ሳይቸግር ጤፍ ብድር!

6.

የከተማው ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ ሄድን። እዚያ ያገኘናት ሴት የዘምዘምን ሆድ አይታ ወንበር ሰጠቻት።

«ድርጅት ሲሸጥ ሠራተኛው ከነመብቱ ነው የሚሻገረው። ባለቤት ስለተቀየረ ውል አይቋረጥም፤ ሥራ የጀመራችሁበትም ቀን የድሮው ነው» አለችን። «ብቻ አዲስ ተቀጣሪ ነን ብላችሁ እንዳትፈርሙ!»

ይኸው ነው ሕጉ። ከዱዓው በፊት የሚነግረን ሰው ማጣታችን አንገበገበኝ።

7. ለአንባቢ፣ የምትሠራበት ቤት የተሸጠ ዕለት

አልቅስ። መርቅ። ተመረቅ።

ዩኒፎርምህን ግን

አታውልቅ።

8.

በማግስቱ አዲሱን ዩኒፎርም ትተን ሁላችንም በየራሳችን ልብስ መጣን። አንድም የፈረመ የለም። እንግዶች ቁርስ ብለው ይጣራሉ፤ እኛ የሥራ አስኪያጁ በር ላይ ቆመናል።

«ዘምዘም ብቻ ትግባ» አሉ።

ሁላችንም ገባን።

አቶ ናሁሠናይ አዩን። እትዬ ከድጃ የቤቷን ሽርጥ እንኳ አልፈታችም። ዘምዘም ወገቧን ይዛ ቆማለች። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አይደሉም፤ እሳቸውንም የሚጠይቅ አለቃ አለባቸው። ወንበራቸውን ለቀው ሰጧት፤ የሠራተኛ ቅጽ ዘርግተው ቆመው ብዕር አነሡ።

«እሺ። ለሁላችሁም እንደሷ ነው የምሞላው» አሉ።

ዘምዘም ተቀምጣ እጃቸውን ታያለች።

የሠራተኛ ስም፦ ዘምዘም አራጋው

የሥራ መደብ፦ አስተናጋጅ

ሥራ የጀመረችበት ቀን፦