ባዶው ዱቄት

«የገዛ ልጇን ገንፎ የምትበላ» ብላ ስሜን ያጠፋችው የባሌ እህት ናት። ልጄ ያኔ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ጤና ጣቢያው ለጥናት ብሎ ለሰፈሩ ሕፃናት የገንፎ ዱቄት ያድላል። የእሷ ልጅ ጉንጩ ሲነፋ፣ የእኔዋ ሚዛን ላይ በወጣች ቁጥር ያው ናት።

«ዱቄቱ አንድ፣ ሚዛኑ አንድ። አንቺ ግን ወፍረሻል» አለችኝ፣ ሰው ፊት።

ባሌ እህቱን እንዳመነ ሞተ። ዘመዶቹ ልጄን ነጥቀው ለእህቱ ሰጧት፤ እዚያው አደገች። እኔ ቤት ስትመጣ እህል አትቀምስም። ሆዷ እየጮኸ «በልቻለሁ» ትለኛለች።

ዘንድሮ አንዲት አጥኚ ያኔ የተመዘኑትን ልጆች ስታፈላልግ እኔ ቤት መጣች።

«እናቴ፣ ልጅዎ ማነጻጸሪያ ቡድን ውስጥ ነበረች።»

«ምን ማለት ነው?»

«ግማሾቹ ወተትና ቫይታሚን የተጨመረበት ዱቄት ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ ባዶውን። እናቶቹም መዛኞቹም እንዳይለዩት መልኩም ጣዕሙም አንድ ነው። ካወቁ አመጋገቡን ይለውጡታል፤ ልዩነቱ ከዱቄቱ ይሁን ከእናትየው አይታወቅም።»

«ከእናትየው ነው ተብሎ ተፈረደብኝ እኮ!»

ደነገጠች። «ጥናቱ ሲያልቅ ለየቤተሰቡ ተነግሯል። ስለ እርስዎ ልጅ መጥተው የሰሙት አሳዳጊዋ ናቸው።»

ቀጥ ብዬ ሄድኩ። የባሌ እህት ግማሽ ጎኗ ከድቷት አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች። ያ ጉንጫሙ ልጇ ዞር ብሎም አያያት፤ የምታጎርሳት የእኔዋ ናት። ልጄ ጓሮ ልብስ ታሰጣለች፤ በሳህን የቀረበላት ሾርባ አልጋው አጠገብ ይበርዳል።

«እትዬ፣ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች፣ ዓይኗን እንኳ ሳትሰብር። «ብነግርሽ ትወስጃታለሽ። ማን ይላላከኝ? አሁንም ዝም በይ፤ ከሰማች ጥላኝ ትሄዳለች።»

«ትሂዳ።»

«በሞቴ!»

«ስለ ሞትዎ ኋላ ይታሰብበታል።»

ልጄን ጠራኋት። «እትዬ የሚነግሩሽ ነገር አላቸው» አልኳት። ተናግራ እስክትጨርስ ከበሩ ንቅንቅ አላልኩም። ልጄ ፊቷ አመድ መስሎ፣ ልማድ ሆኖባት፣ ልታጎርሳት ማንኪያውን አነሳች።

ከእጇ ነጠቅኳት። ሳህኑን በሽተኛዋ ከማትደርስበት መደርደሪያ ላይ ሰቀልኩና ልጄን ይዤ ወጣሁ።