አንዲት ነፍስ የቀረችው

የሟቹ የአንሙት አክስት እትየ ደብሪቱ ለለቀስተኛ የሚነጠፍ ፍራሽ ፍለጋ ጓዳውን ከፍታ ገባችና ወዲያው ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

«በስመ አብ! አንች የኔአለም፣ ወንድምሽ እዚህ ማንን ነው የገነዘው?»

የኔአለም በአክስቷ ትከሻ ላይ አጮልቃ አየች። ከመሬት ከፍ ባለው መደርደሪያ ላይ፣ ግድግዳውን ሳይነኩ፣ በነጭ አቡጀዴ የተጠቀለሉ ነገሮች ተደርድረዋል። ቁመታቸው የአራስ ልጅ ያህላል። ክረምቱ ደብረ ማርቆስን አበስብሷት ቤቱ ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ሲል፣ ይህች ክፍል ብቻ ደርቃ ምንም ሳትሸት ጠበቀቻቸው። ከድንኳኑ የሚመጣው ለቅሶ እንኳ እዚያ ሲደርስ የሚታፈን መሰላት።

«ጌሞች ናቸው፣ እትየ። የድሮዎቹ።»

አንሙት ጌም ቤት ከፍቶ በቴሌቪዥን ጨዋታ ስንቱን ልጅ ከትምህርት ገበታው ያስቀረ ሰው ነው፤ ያኔ ሲረግሙት የኖሩ እናቶች ዛሬ ድንኳኑ ውስጥ ደረት ይደቁለታል። ዘመኑ ሲያልፍ ሌላው አሮጌ ማሽኑን ለቆራሌው ሲሰጥ እሱ ሰበሰበ። በላስቲክ ያልባቸዋል ብሎ በጥጥ ጨርቅ ጠቀለላቸው። እርጥበት የሚመጥጡትን ትንንሽ ከረጢቶች ከየጫማ ሱቁ እየለመነ በየጉያቸው ሸጎጠ። ክረምት ሲወጣ አንድ በአንድ ፈትቶ ያበራቸውና መልሶ ያስተኛቸዋል። «ባትሪያቸውን ሳያወጡ ማስቀመጥ መግደል ነው» ይላት ነበር፤ «ሲቆይ ይፈስና ሆዳቸውን ይበላዋል።»

«ይቃጠሉ!» አለች እትየ ደብሪቱ። «ሲያጣጥር ያለውን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ‹አንድ ነፍስ ካሴቱ ውስጥ አለች፤ እንዳታወጧት› አለኝ እኮ! ነፍሱን ለዕቃ አስይዞ ከሄደ ፍታቱ ለማን ሊደርስ ነው?»

የንስሐ አባቱ አባ ዘመንፈስቅዱስ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። ቅኔ ሲዘርፉ ያረጁ ናቸውና ቃል ሁለት ፊት ሲኖረው አያመልጣቸውም።

«ነፍስ ሲል ምን ማለቱ ነው፣ ልጄ?»

የኔአለም አቀረቀረች። «በጌም ቤት ቋንቋ፣ አባ፣ ሲወድቁ ለመነሳት የቀረ ዕድል ነው። ልጆቹ ‹ስንት ነፍስ አለህ?› ይባባላሉ። ይቺ የፍሥሐ ናት።»

ፍሥሐ የአንሙት አንድ ልጁ ነበር። አንድ ጨዋታ ጀምሮ ሳይጨርስ ታሞ ሆስፒታል ገባ፤ አልተመለሰም። በጨዋታው የት እንደ ደረሰ የምታስታውሰው ጨዋታው በተቀረጸበት ካሴት ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት፤ እሷ ከወጣች ልጁ የተጫወተው ሁሉ ይጠፋል። ለዚህ ነው አንሙት የሌሎቹን ሁሉ አውጥቶ እሷን ያልነካት። ብትቆይ ካሴቱን እንደምትበላው ያውቃል፤ እያወቀ ተዋት።

«ይህን ካቃጠልን» አለች የኔአለም፣ «ልጁን እንደገና ቀበርነው።»

እትየ ደብሪቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«አሳዪን» አሉ አባ።

የኔአለም የፍሥሐን ጥቅል ፈታች። ገመዱን ከጥግ ካለው ወፍራም ቴሌቪዥን ጋር አገናኝታ አበራችው። መስታወቱ አንዴ ተንሸራቶ የሚወርድ መስመር አሳየና ጠራ። አንድ ትንሽ ሰውዬ ገደል አፋፍ ላይ ቆሟል። ከራሱ በላይ አንዲት ቀይ ልብ፣ የቀረችው ነፍስ፣ አለች። ማንም ምንም አልነካም፤ ሰውዬው ግን ይተነፍሳል፤ ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን ወደ እነሱ መለሰ።

«ማንን ነው የሚያየው?» አለች እትየ ደብሪቱ በሹክሹክታ።

«ማንንም አያይም፣ እትየ። የሚያጫውተው ሲዘገይበት እንዲህ ያደርጋል። ይጠብቃል።»

«ፍሥሐን?»

አባ ዘመንፈስቅዱስ ቆባቸውን አወለቁ። ትንሹ ሰውዬ በእግሩ መሬቱን መታ መታ አደረገና እንደገና አያቸው።

የኔአለም ልታጠፋው እጇን ስትዘረጋ እትየ ደብሪቱ ቀደመቻት። ተጠግታ መዳፏን መስታወቱ ላይ፣ ልክ የሰውዬው ግንባር ላይ አሳረፈች።

«ይሞቃል» አለች።

ከዚያ ፊቷን ሳታዞር፣ እጇንም ሳታነሳ፣ «በሩን ዝጊው እንጂ፣ አንች» አለች፤ «ብርድ ይገባበታል።»

የኔአለም በሩን ዘጋችው።