ከጓዳ የሚመራው አውሮፕላን

ሻለቃ ባሻ ሳህሉ ደብረ ዘይት ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት በበረራ ሥራ ላይ ሲቆይ አንድም ቀን ከመሬት ተነስቶ አያውቅም። ሥራው ሲሙሌተር ላይ ነበር። ሲሙሌተር ማለት ተማሪ ፓይለት ሳይሞት የሚከሰከስበት ማሽን ነው። ተማሪው የአውሮፕላን አፍንጫ በሚመስል ዝግ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ ሳህሉ ውጭ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ነፋስ ይልክበታል፣ ሞተር ያጠፋበታል፣ በማይክራፎን የአየር ማረፊያ ማማ ሆኖ ያነጋግረዋል። ጡረታ ወጥቶ አገሩ ሆሳዕና ሲገባ ሰው ሁሉ «ካፒቴን» አለው። እሱም አዎ አላለ፣ አይደለሁም አላለ።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እንዲያ ከሆነ ባለቤቱ ጣቢታ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ በወርቅ ተንቆጥቁጣ ኖራለች። እሷ የዱራሜ ከምባታ ናት፣ እሱ የጃጁራ ሀዲያ፤ የተገናኙት በአማርኛ ነበርና በአማርኛ ተጋቡ፣ በአማርኛ ወለዱ፣ በአማርኛ ዝም ተባባሉ። አንዲት ልጃቸው አስካለች ሾኔ ከተዳረች ወዲህ ቤቱ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማው በዝናብ ጊዜ ቆርቆሮው ብቻ ሆነ። ጣቢታ የምትሄድበት ቤተ ክርስቲያን ተዘግቶ የቀበሌ መጋዘን ስለሆነ መዝሙሩም ቀርቷል። በሹክሹክታ የሚዘመር መዝሙር ደግሞ ሰው አያጫውትም።

በ1976 ክረምት ሳህሉ ከተገለበጠ አውቶቡስ የተነቀለ የሾፌር ወንበር በጋሪ አስጭኖ መጣ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም። ሳሎኑን ከጓዳው በሚለየው ግድግዳ ላይ የኮምፔንሳቶ ሰሌዳ ቸነከረ። ሰሌዳው ላይ አምስት ክብ መለኪያዎች ሣለ፤ ከፍታ፣ ፍጥነት፣ ነዳጅ፣ ሞተር አንድ፣ ሞተር ሁለት። ለእያንዳንዱ ከቆርቆሮ ቀስት ቆረጠለት፣ ከቀስቱ ክር አሰረ፣ ክሩን በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ጓዳ አሻገረ። መሪው የመጥረጊያ እጀታ ሆነ። ከዚያ ጓዳ ብቅ አለና አምስቱን የክር ጫፎች ጣቢታ እጅ ላይ አስቀመጠ።

«አንቺ ማማ ነሽ» አላት። «እኔ መብረር እፈልጋለሁ። አሥራ ስምንት ዓመት ውጭ ነው የተቀመጥኩት።»

ጣቢታ ከጡረታው ወዲህ የሰማችው ረጅሙ ንግግር ይኸው ነበር፤ ስለዚህ እሺ አለች።

ሕጉ ብዙ አልነበረም። በአንድ በረራ ከአንድ ችግር በላይ አይሰጥም። ፓይለቱ የማይወጣው ችግርም አይሰጥም፤ «ልታስተምሪው ነው እንጂ ልትገድይው አይደለም» አላት። ማማና ፓይለት በአንቱታ ነው የሚነጋገሩት። የመጨረሻውና ዋናው ደግሞ ማማ ሲጠራ ፓይለት ዝም አይልም። ጣቢታ ይህችን የመጨረሻዋን ሕግ ሁለት ጊዜ አስደገመችው።

እንዲህ ሆነና በየቀኑ ከሰዓት በኋላ፣ ልክ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ከሳሎን ድምፅ ይመጣል።

«ሆሳዕና ማማ፣ ሆሳዕና አንድ ነኝ። ለመነሳት ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

«ስንት ሰው ይዘዋል?»

«አርባ አራት መንገደኛ።»

«ነፋሱ ከምዕራብ ነው። መነሳት ይችላሉ።»

ጣቢታ በግራ እጇ ክር እየሳበች፣ በቀኝ እጇ ቆጮ እየነፋች አርባ አራት ሰው ወደ ሰማይ ታወጣለች። ሃያ ሰባት ዓመት «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው «እርስዎ» ይላታል። ይህ ብቻውን ክር ለመሳብ ይበቃ ነበር። ግን ሌላም አገኘች። ወደ አርባ ምንጭ ሲበር ሾኔ ላይ ሲደርስ ማሳወቅ አለበት።

«ሾኔን እያለፍኩ ነው» አለ አንድ ቀን።

«አስካለችን አዩዋት?» ይህ በሕጉ ውስጥ አልነበረም፤ ዝም ብሎ አፏ ላይ መጣ።

«አይቻታለሁ። ልብስ እያሰጣች ነው።»

«ከስታለች?»

«ከዚህ ከፍታ አይታወቅም።» ትንሽ ዝም አለና ሕጉ ትዝ አለው መሰለኝ፣ «ግን ትናፍቀኛለች» አለ።

ጣቢታ ክሩን እንደያዘች ቀረች። ይህ ሰው መሬት ላይ ሆኖ ልጁን በስሟ ሲጠራ እንኳ ሰምታው አታውቅም። አውሮፕላኑ በዚያን ቀን ያለ ምክንያት ሁለት ሺህ ጫማ ወረደ።

ከዚያ ወዲህ ጣቢታ መጠየቅ ያለባትን ሁሉ ለአየር ላይ ማስቀመጥ ጀመረች። አንድ ቀን ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ ዝዋይ ሐይቅ ላይ የሞተር ሁለትን ክር ለቀቀችበት፤ እሱ ከሞተሩ ጋር ሲታገል «ለመሆኑ ካፒቴን፣ ከሥራ ለምን ወጡ?» አለችው።

«አዲስ ሲሙሌተር መጣ» አለ ሳህሉ መሪውን ሳይለቅ። «ነፋሱንም ችግሩንም ራሱ ነው የሚሰጠው። ውጭ የሚቀመጥ ሰው አይፈልግም። አንድ ጠዋት ስገባ ወንበሬ የለችም። የት አደረሳችኋት ብዬ ጠየቅሁ። የነገረኝ የለም።» ከዚያ «ሞተር ሁለት ተነስቷል» አለ። በዚያን ቀን እራት ላይ እንደ ልማዱ ጨው አቀብይኝ እንኳ ሳይል በልቶ ተነሳ። ጣቢታ አልተቆጣችም። ነገም ዘጠኝ ሰዓት አለ።

ጎረቤት «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ሳቀባቸው። ግድግዳው ስስ ነውና ወሬው ቀበሌም ደረሰ፤ ሊቀመንበሩ ጓድ ወልደኪዳን ደብተር ይዞ መጣ።

«ጓድ ሳህሉ፣ ትናንት ናይሮቢ ሄደው ነበር አሉኝ።»

«ሄጃለሁ።»

«በማን የይለፍ ወረቀት?»

ሳህሉ መሬት ላይ ስለነበር ዝም አለ።

«ሳያርፍ ነው የተመለሰው» አለች ጣቢታ ከጓዳ።

ወልደኪዳን ነገሩን አሰላሰለ። ወንበሩን ዞሮ አየ፣ ጓዳ ገብቶ ማማውን ፈተሸ፤ የራዲዮ ማስተላለፊያ አጣ፣ ቆጮ አገኘ። በመጨረሻ ወሰነ። የአገር ውስጥ በረራ ይቀጥላል፤ ወደ ውጭ አገር ግን ማመልከቻ ይጻፋል፤ አስመራ ለጊዜው ይቅር። ሲወጣ በሩ ላይ ቆም አለና እህቱ ጅማ እንደምትኖር፣ በዚያ የሚያልፉ ከሆነ ሰላም እንዲሉለት ነገራቸው።

ሦስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ጣቢታ ደስተኛ ነበረች፤ ሌላ ስም የለውም።

በ1979 የሳህሉ የእህት ልጅ ጵርስቅላ ትምህርቷን ምሥራቅ ጀርመን ጨርሳ ልትጠይቃቸው መጣች። ቀን ከሌት አጎቷን ስታስብ ኖራ ኖሮ ትንሽ ቴሌቪዥንና የጽሕፈት መኪና የሚመስል ኮምፒዩተር ይዛለታለች። በረራው ያለው ካሴት ውስጥ ነው። ካሴቱ ለስድስት ደቂቃ ያህል እንደሚታረድ በግ ይጮህና ቴሌቪዥኑ ላይ መንደርደሪያ ሜዳ፣ ሐይቅና የሚንቀሳቀሱ መለኪያዎች ይመጣሉ።

«ይኸው ጋሼ፣ የክር ዘመን አለፈ» አለች ጵርስቅላ።

«ማማውስ?» አለች ጣቢታ።

«ማማ አያስፈልገውም እትዬ። ሁሉንም ራሱ ይሠራዋል። ከእንግዲህ እርስዎ አረፉ።»

ልጅቷ ይህን የተናገረችው ከልብ በመነጨ ፍቅር ነው። ሰው በፍቅር ሲጎዳህ መልስ እንኳ የለህም።

ሳህሉ ቴሌቪዥኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ጉጠት አመጣና ሰሌዳውን ነቀለ። ጣቢታ ጓዳ ሆና አምስቱ ክሮች አንድ በአንድ በቀዳዳው ሾልከው ሲሄዱ አየች። ነዳጅ መጨረሻ ሄደ። ሰሌዳው የዶሮ ቤት በር ሆነ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ዶሮዎቹ አሥራ ሁለት ሺህ ጫማ ላይ ያድሩ ጀመር።

ወልደኪዳንም ሊመዘግብ መጣ። «ይሄ ማረፊያ የት አገር ነው?» ሲል ጠየቀ። ማረፊያው አሜሪካ ነበር።

«ሐይቅ ዳር ነው» አለች ጵርስቅላ።

«አዋሳ» ብሎ ጻፈና ሄደ።

መብራት የሚመጣው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ስለነበር ዘጠኝ ሰዓት ቀረ። ሳህሉ በየቀኑ መብራት ሲመጣ አውቶቡስ ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፣ ካሴቱ ይጮሃል፣ እሱም ይነሳል፣ ይከሰከሳል። በአሮጌው አንድም ቀን ተከስክሶ አያውቅም፤ ማማው አይፈቅድማ። አዲሱ ማሽን ግን ሰውዬው መሬት ሲመታ እንኳ አያዝንም። ትንሽ ይንቀጠቀጥና ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሳህሉም ምንም ሳይናገር እንደገና ይነሳል።

ጣቢታ ቀናች። በሴት ብትቀና ዘመድ ሰብስባ ትወቅሰው ነበር፤ በጽሕፈት መኪና የምትቀና ሴት ግን ሽማግሌ ፊት ቀርባ ምን ትላለች? አንድ ቀን አላስችል ብሏት ሳሎን በር ላይ ቆመች።

«ሾኔ ላይ ታልፋለህ?»

«ሾኔ የለውም» አለ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

በሁለት ወር ውስጥ የነገራት ይህንኑ ነው። ጓዳ ተመልሳ ባዶዎቹን ቀዳዳዎች አየች። ወንበሩን ፈልጎ ያጣ ሰው የሌላውን ወንበር ለመንቀል እጁ እንዴት ታዘዘለት? በከምባትኛ የምትሳደበው ሲብስባት ብቻ ነበር፤ በዚያን ቀን በከምባትኛ ተሳደበች።

አንድ ቅዳሜ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ መብራት ጠፋ። ሳህሉ አየር ላይ ነበር። ቴሌቪዥኑ ወደ አንዲት ነጭ ነጥብ ጠበበና ነጥቧም ሞተች። ጣቢታ ከወንበሩ ሲነሳ ለመስማት ጆሮዋን ጣለች። አልተነሳም። በአንደኛው ቀዳዳ አጮልቃ ስታይ ሁለት እጁን ፊደሎቹ ላይ እንዳደረገ ጨለማውን መስተዋት ያያል። ጀርባው እንዲህ መጉበጡን አስተውላ አታውቅም ነበር። ንዴቷ እንዳለ ሆኖ አንጀቷን በላት።

አፏን የነዳጅ ቀዳዳ ላይ አደረገች።

«ሆሳዕና አንድ፣ ሆሳዕና ማማ ነኝ። ይሰማል?»

ዝም።

«ማማ ሲጠራ ፓይለት ዝም አይልም።»

ወንበሩ ሲጥ አለ። «ሆሳዕና አንድ ነኝ» አለ ሳህሉ። ድምፁ ዝጓል። «መሣሪያው ሁሉ ጠፍቶብኛል። የት እንዳለሁ አላውቅም።»

«ይህን ችግር እኔ አልሰጠሁዎትም።»

«አውቃለሁ። እርስዎ የማልወጣውን ሰጥተውኝ አያውቁም።» ወንበሩ ላይ ቀና አለ። «ለማረፍ ፈቃድ እጠይቃለሁ።»

ጣቢታ ፈቃዱ በእጇ ነበር፤ አልሰጠችም።

«ይጠብቁ። ከላይ ሆነው ይዙሩ።»

ዞረ። ለምን አላለም፣ ነዳጅ አለቀብኝም አላለም። ውጭ የሰፈሩ ልጆች ይጮሃሉ፤ ካፒቴኑ ጨለማ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጦ ከተማውን ይዞራል።

«እስኪዞሩ አንድ ጥያቄ አለኝ» አለች ጣቢታ። «እዚህ የነበረውን የማማ ሰው የት አደረሱት?»

ሳህሉ እጁን ከፊደሎቹ ላይ አነሳ።

«ወንበሩን የነቀልኩት እኔ ነኝ» አለ። «ያን ጊዜ አዲሱ ማሽን ሲያስወጣኝ፣ አንድ ቀን እኔም አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ይኸው አወቅሁት። ውስጡ ሰው የለም።»

ጣቢታ ዓይኗን በመሐረቧ ጫፍ ጠረገች። ማማ ግን ሥራውን አያቋርጥም።

«ስንት ሰው ይዘዋል?»

«አንድ» አለ ሳህሉ።

አርባ አራቱ መንገደኞች የት እንደወረዱ አልጠየቀችውም።

«እዚህም ያለው አንድ ሰው ነው» አለች። ከዚያ የበረራውን ሕግ አፈረሰች። «በቃ ና፣ ውረድ።»

ሳህሉ ተነሳ። ግድግዳውን ዞሮ ጓዳ ገባና በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ በሠላሳ ዓመት ትዳር ጓዳ ገብቶ ሲቀመጥ የመጀመሪያው ነበር። እግሩን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት ሰበሰበው። መብራቱ ተመልሶ መጣ፤ ቴሌቪዥኑ ሳሎን ውስጥ ብቻውን ሽሽ አለ። የተነሳ ሰው የለም።

«አስካለችን በአየር ላይ አይደለም ማየት የምፈልገው» አለ ሳህሉ። መሬት ላይ ሆኖ ነው ያለው። «በአውቶቡስ እንሂድ።»

ሰኞ ጠዋት ቀበሌ ሄዱ። ወልደኪዳን መነጽሩን አድርጎ የይለፍ ወረቀቱን ቅጽ አወጣ።

«ወዴት?»

«ሾኔ።»

«በአውሮፕላን?»

«በአውቶቡስ» አለች ጣቢታ።

ወልደኪዳን በጥርጣሬ አያቸውና ጻፈ። «ስንት ሰው?»

ጣቢታ መልሱን ለመስጠት አፏን ከፈተች። ሳህሉ ቀደማት።

«ሁለት» አለ።