ጋቢው ከደመናው ሥር

"ጋሼ፣ ይቺ ወንበር የኔ ናት" አለ ጎልማሳው ነጋዴ ቲኬቱን እያሳየ።

"አውቃለሁ ልጄ፤ መስኮቷን ፈልጌ ነው" አሉት ጋሽ ጣሰው። የአውሮፕላኗን ቀበቶ ቀድመው አጥብቀውታል፤ የመነሳት ሐሳብም የላቸው። ነጋዴው ስቆ ሌላ ቦታ ተቀመጠ።

ልጃቸው ሔርሜላ ግን እንደተኮሳተረች ነው። አይፈረድባትም። ከቦንጋ ሚዛን ተፈሪ የሚሄድ ሰው ወደፊት ነው የሚሄደው፤ እሳቸው ግን "በአውሮፕላን ካልሆነ ከቤቴ ንቅንቅ አልልም" ብለው ወደ ኋላ ጅማ ድረስ ጎትተዋታል። ለግማሽ ሰዓት በረራ ግማሽ ቀን የመኪና እንግልት! እናቷ ካረፉ ወዲህ አባቷ ጠቅልለው ሚዛን እሷ ዘንድ እንዲገቡ፣ የቦንጋው ቤትም እንዲሸጥ ስለፈለገች ቻለችው። "ቁርጡን ሚዛን ስንደርስ እነግርሻለሁ" ብለዋታል።

አውሮፕላኗ የጎጀብን ወንዝ ስታልፍ ጋሽ ጣሰው መስታወቱ ላይ ተለጠፉ።

"አባዬ፣ ምን ፍለጋ ነው?"

"የእናትሽን ጋቢ።"

ወጣት አስተማሪ ሳሉ ክረምቱን ለኮርስ ጅማ ይከርሙና መስከረም ላይ፣ መንገዱ በጭቃ ሲዘጋ፣ ወደ ሚዛን በአውሮፕላን ይመለሱ ነበር። እጮኛቸው አሰለፈች፣ ኋላ የሔርሜላ እናት፣ የሞተሩን ድምፅ ስትሰማ በዚያው የቦንጋ ቤት ጓሮ ሣር ላይ ነጭ ጋቢ ትዘረጋለች። እሱን ያዩ ቀን ደስታቸውን አይችሉትም ነበር። ደግ ዘመን ነበር!

"ዛሬ ማን ይዘረጋልሃል?"

"ሀኪማ። ቁልፉን ትቼላት መጥቻለሁ።" ሀኪማ ባለሱቋ ጎረቤታቸው ናት።

ጋቢውን ካዩት ቤቱ አይሸጥም፤ ካላዩት ይሸጣል። ከራሳቸው ጋር እንዲህ ተስማምተው ነው የወጡት። ግን ቦንጋ አካባቢ ሲደርሱ ደመናው ግጥም አለ። እስኪያርፉ ድረስ አንድም ጣሪያ አላዩም።

"በቃ፣ ይሸጥ" አሉ ከአውሮፕላኗ ሲወርዱ።

ሔርሜላ ሳትውል ሳታድር ከምትሠራበት የዞን መምሪያ ሀኪማ ሱቅ ደወለች። ቤቱን ሊገዛ የፈለገው አባተ እዚያው መልስ እየጠበቀ ነበር። ጋሽ ጣሰው ስልኩን ተቀበሏት።

"ጋሽ ጣሰው! አዩት?" አለች ሀኪማ።

"አላየሁም። ደመና ነበር።"

"ውይ! እኔ እኮ ድምፁን ስሰማ ሱቁን ጥዬ ሮጥኩ። ሣሩ ጭቃ ነበር፤ እንዳይቆሽሽ ብዬ ወደ ላይ ይዤው ቆምኩ። ድምፁ እስኪጠፋ አልገባሁም።"

ጋሽ ጣሰው እንባቸው መጣ። አሰለፈችስ፣ እሳቸው ሳያዩዋት ስንቱን መስከረም ከደመና ሥር ቆማ ይሆን? እንደዚህ አስበውት አያውቁም ነበር።

"ጋሽ ጣሰው፣ አባተ ቆሟል። ምን ልበለው?"

ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ።

"ጋቢውን ሳጥኑ ውስጥ መልሽው፣ ሀኪማ። ቁልፉም አንቺ ዘንድ ይቆይ።"