የጋሼ አለባቸው ምስክር

ጋሼ አለባቸው በወጣትነታቸው ሰሜን ዘምተው ታንክ ማርከዋል። ሸዋ ሮቢት ውስጥ ይህን ያልሰማ ቢኖር ትናንት የገባ እንግዳ ነው። መጀመሪያ ታንኩ አንድ ነበር፤ እያደር ተዋልዶ ሦስት ደረሰ። ባለቤታቸው እትዬ ዘውድነሽ፣ ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ እዚህ ላይ ይብቃን እያሉ ይቀልዱባቸዋል።

ዘንድሮ ታዲያ የቀድሞ ወታደር የሆነ ሁሉ የቀበሌ መታወቂያ ያለ ክፍያ ያወጣል ተባለ። የስንብት ወረቀት የሌለው አብሮት የዘመተ ምስክር ያቅርብ። የጋሼ አለባቸውን ወረቀት ምስጥ ከበላው ቆይቷል። ከጦር ጓደኞቻቸው በአካባቢው ያሉት ደግሞ እዚያው አጠገብ፣ ጀውሃ በምትባለው ቦታ ሽንኩርት የሚያለሙት ከቢር የሚባሉ ሰው ብቻ ናቸው። ከቢር ታንኮቹን አንድም ቀን አላዩአቸውም። ያዩት ጋሼ አለባቸው የሻምበሉን ወጥ ሲሠሩ ነው።

ስለዚህ ጋሼ አለባቸው እከፍላለሁ ብለው ድርቅ አሉ፤ እንደኔ ያለ ሰው ከመንግሥት ነፃ ነገር አይለምንም አሉ። እትዬ ዘውድነሽ ግን የባሌ ክብር እያሉ ጎረቤቱን ሁሉ አስቀንተው ጨርሰዋል። ሳያማክሯቸው ደውለው ከቢርን አስመጡ። የፈሩት ይደርሳል ነውና፣ ጋሼ አለባቸው ከባለቤታቸው ጋር ቀበሌ ሲደርሱ ከቢር በረንዳው ላይ ተቀምጠው አገኟቸው።

ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነበር። ሠራተኛዋ ቤተልሔም፣ አብረው ዘምተው እንደሆነና የጋሼ አለባቸው ሥራ ምን እንደነበር ከቢርን ጠየቀቻቸው። ጋሼ አለባቸው መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

"ወላሂ፣ አብረን ነበርን። የሻምበላችን ወጥ ሠሪ ነበር" አሉ ከቢር።

በረንዳው በሳቅ ፈረሰ። አንዱ፣ ታንኩን በርበሬ አጥነው ነው የማረኩት ማለት ነው አለ። እትዬ ዘውድነሽ አፋቸውን ይዘው ቀሩ፤ ይህ ሰው እቤታቸው ሽሮ እንኳ አማስሎ አያውቅም።

ከቢር ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቁ።

"የክርስቲያን እርድ እንደማልበላ አንዴ ነገርኩት፤ ሁለተኛ አላስደገመኝም። ለእኔ ትንሽ ድስት ለብቻ አደረገልኝ። የሥጋውን ጭልፋ በእኔ ድስት አስገብቶ አያውቅም። ጥይት እየዘነበ ሁለቱንም ድስት ምሽግ ድረስ ያመጣ ነበር። ትንሿን እንኳ ቢተዋት ማን ይቀየመው ነበር? የአንድ ሰው ምግብ ናት።"

የሚስቅ ጠፋ። ጋሼ አለባቸው አንገታቸውን ደፉ። ዕድሜ ልካቸውን አፍረው የሸሸጉት ነገር ለካ ጀውሃ፣ ከቢር ዘንድ በክብር ተቀምጦላቸው ኖሯል። ደስ አላቸው፤ በራሳቸውም ተናደዱ።

ቤተልሔም አዝናላቸው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ማስረጃው ላይ እግረኛ ወታደር ብላ ብትጽፍ ችግር እንደሌለው ነገረቻቸው።

"የለም ልጄ" አሉ ጋሼ አለባቸው፣ ወረፋው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። "ወጥ ሠሪ ብለሽ ጻፊ።"