የመጨረሻ ገጽ እንግዶች

አራሚው ከአምስት መቶ በላይ መጻሕፍት አንብቧል፤ አንዱንም ግን ጨርሶ አያውቅም። ይህን የሚሰማ ሰው ሰነፍ ነው ብሎ ሊፈርድበት ይችላል። አይፍረድበት። ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ ነው።

በማተሚያ ቤቱ ሁሉም ሥራ አስቸኳይ፣ ሁሉም ደራሲ በር ላይ ቆሞ የሚጨቀጭቅ ነበር። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ለእርማት በመጣ ቁጥር ኃላፊው ወረቀቱን መሀሉ ላይ ይገምሰውና የፊቱን ግማሽ ለእሱ፣ የኋላውን ግማሽ በመስኮቱ በኩል ለምትቀመጠው ባልደረባው ይሰጣል። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲሁ ሆነ። የማተሚያ መኪናው ሠራተኞች እሱን «መግቢያ»፣ እሷን «መደምደሚያ» የሚል ስም አወጡላቸው፤ በዚያው ጸንቶ ቀረ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱ ወንበራቸውን አቀራርበው የየግማሻቸውን ይነጋገራሉ። እሱ ሰዎቹን የሚያውቃቸው ገና ሳይበላሹ፣ ሲዋደዱ፣ ቤት ሲሠሩ፣ ልጅ ሲስሙ ነው። እሷ ደግሞ የምታገኛቸው ጉዳቸው ከወጣ በኋላ ነው። እንዴት ይስማሙ?

«ያ ነጋዴ እኮ ደግ ሰው ነው» ይላታል።

«ደግ? ወንድሙን በዝናብ ከቤት ያስወጣ ደግ!»

«ምን አድርጎት ነው?»

«እሱን አንተ ንገረኝ እንጂ! የፊቱ ያለው አንተ ጋ።»

ጠረጴዛውን እየደበደቡ ይከራከራሉ። ያልታተመ መጽሐፍ ላይ፣ ያውም ግማሽ ግማሹን ብቻ አንብበው። ሌላው ሠራተኛ እነሱን ማየት ከመጽሐፉ ይሻላል እያለ ይስቅ ነበር።

ጡረታ ወጡ። እሷ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጇ ብቻሽን አትኖሪም ብሎ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ወደሚያስኬድ ከተማ ወሰዳት። አራሚው ሊሸኛት መናኸሪያ ድረስ ሄደ።

«እመጣለሁ» አላት።

«እስቲ እናያለን» አለችው፤ ሰው ላይ ፈርዳ የኖረች ሴት አይደለች?

እሱ ቃሉን አልበላውም። ብቻ ለነገ እያለ አሳደረው። መጀመሪያ ጉልበቱ አመመው፣ ቀጥሎ ዝናቡ በረታ፣ ከዚያ ደግሞ ስልክ እያለ ምን አስኬደኝ አለ። ስልክ በርግጥም ነበር። ሁለቱ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይገዛሉ፤ እሱ የኋላውን ግማሽ እንዳይከፈት በላስቲክ ያስርና የፊቱን ያነባል፤ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ ትደውልለታለች። ጅማሬውን ይነግራታል፣ ፍጻሜውን ትነግረዋለች፣ ይጨቃጨቃሉ፤ የአንዱ መጽሐፍ ጭቅጭቅ አራት አምስት ቅዳሜ ይፈጃል። ሲጨርሱ በአሮጌ ደብተሩ ላይ ቀኑንና ፍርዱን በቀይ እስክሪብቶ ያሰፍራል። ከሁለት ዓመት ወዲህ በተለይ ፍጻሜዎቹ አልጥም ብለውት ነበርና አፉን ሞልቶ ይተቻቸው ነበር። እሷም አድምጣ «እንዲህ ነው የታየህ?» ትላለች።

ሚስት አላገባም። ለምን ሲሉት ሥራ ይዞኝ ይላል፤ ያ ሥራ በመስኮቱ በኩል ይቀመጥ እንደነበር እኛም እሱም እናውቃለን። ከእሁድ እስከ ዓርብ የሚያናግረው ሰው ቢኖር ባለሱቁ ነው፤ እሱም «ዳቦ አለ?» «አለ» ብሎ የሚያበቃ ንግግር ነው። አንዳንድ ቀን አመሻሹ ላይ ድምፁ እንዳለ ለማረጋገጥ ጉሮሮውን ይጠራርጋል። ቅዳሜ ባትኖር ሰውየው አለ ለማለት ይከብድ ነበር።

አንድ ቅዳሜ አራት ሰዓት አለፈ። አራት ተኩል ሆነ። በእጁ የነበረው ስለ አንድ ጀልባ ቀዛፊ የሚተርክ መጽሐፍ ነው፤ ሚስቱ ጥላው ከሄደች በኋላ ሰውን ሁሉ ከዳር ዳር እያሻገረ ራሱ የትም የማይሄድ ሰው። አራሚው ስልኩን እያየ ላስቲኩን ሲጎትት ሲለቅ፣ ሲጎትት ሲለቅ፣ ላስቲኩ ተበጠሰ። «እስክትደውል አንድ ገጽ ብቻ» አለ። አንድ ገጽ ብሎ ማቆም ማን ይችላል? እስከ መጨረሻው አነበበው። ቀዛፊው ጀልባውን ሰጥቶ መጋዘን ጠባቂ ሆነ፤ ማንም አልጠየቀው፣ ማንም አልፈለገው፣ በዚያው አለቀ።

ስልኩ የጮኸው ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

«ይቅርታ፣ ልጄ ስልኩን ይዞት ወጥቶ ነው» አለችው። «በል የፊቱን ንገረኝ።»

ነገራት። በጥሞና ሰማችው። ከዚያ የራሷን ጀመረች፦

«ቀዛፊህ አረጀልህ። አንድ ቀን ጠዋት ወንዙ ዳር ተቀምጦ ሳለ አንዲት ሴት መጥታ ጀልባው ላይ ቁጭ ትላለች። ወዴት ላሻግርሽ? ይላታል። የትም፣ አንተ ጋ ነው የመጣሁት፣ ትለዋለች። ሚስቱ ናት።»

«አይደለም» አለ አራሚው።

ከአፉ አመለጠው። ሃያ ስድስት ዓመት ስሕተት አይቶ ያላለፈ ሰው ምን ያድርግ? ያም ሳይበቃው ቀጠለ፦

«ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አራትን እይው። ማንም አይመጣም። ጀልባውን ሰጥቶ መጋዘን ይገባል። የትኛውን መጽሐፍ ነው የምትነግሪኝ?»

«የኋላውን አነበብከው?» አለች።

«ላስቲኩ ተበጥሶ...»

«እሺ። ደህና ሁን» ብላ ዘጋችው።

በቀጣዩ ቅዳሜ አልደወለችም። እሱም ቢደውል የሚያነሳ ጠፋ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ስልኩን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ተቀመጠ፤ ቁርስ አልበላም፣ ሬዲዮ አልከፈተም፣ እንዳያመልጠው ብሎ ሽንት ቤት እንኳ ስልኩን ይዞ ገባ። አምስት ሰዓት ሲሆን አልቻለም፤ ደወለ። ልጇ አነሳው።

«እንዴት ነዎት ጋሼ?»

«ደህና ነኝ ልጄ። እናትህ የለችም?»

«አለች። ግን... አላናግረውም አለች። ምን ተባባላችሁ?»

«የመጽሐፉን መጨረሻ ተሳሳተች፤ አረምኳት። ሌላ ምንም አላልኩም።»

ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ጋሼ፣ እማዬ እኮ አታይም።»

«ምን አልክ?»

«ዓይኗ ጠፍቷል። ኦፕሬሽኑ ሳይሳካ ቀረ፤ ሁለት ዓመት ሆነው። እኔ ነግራዎታለች ብዬ ነው።»

«መጻሕፍቱስ? ትገዛላት የለም?»

«ግዛ ትለኛለች፣ እገዛለሁ። ራስጌዋ ትደረድራቸዋለች። ባለቤቴ አንድ ቀን ላንብብልዎት ብትላት፣ የእኔን ግማሽ ራሴ እወጣዋለሁ አለቻት።»

አራሚው ስልኩን ዘጋ። ከዚያ መደርደሪያው ጋ ሄደ። የእነዚያ ሁለት ዓመታት መጻሕፍት ሃያ አንድ ነበሩ፤ ሃያው በላስቲክ እንደታሰሩ። ቁጭ ብሎ ፈታቸው። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ የኋላ ግማሾችን ብቻ አነበበ፤ እያንዳንዱን ሲጨርስ ደብተሩን ገልጦ እሷ ከነገረችው ጋር ያመሳክራል። አንዱም አልገጠመም። መጀመሪያ ተናደደ፤ ሃያ አንድ ጊዜ ተታለልኩ አለ። የወደደውን ሰው ስንቴ በስልክ ሲሟገትለት፣ ስንቴ ሲያዝንለት ነበር፤ ለካ ፍጻሜው ሁሉ ከራሷ የወጣ ነው።

ንዴቱ እስከ ሐሙስ ቆየ። ሐሙስ ማታ ግን ደብተሩን ከመጽሐፍ ለይቶ፣ ለብቻው፣ ከላይ ወደ ታች አነበበው። የልብስ ሰፊዋ ታሪክ፦ እህቷ ሻንጣ ይዛ ትመጣለች። የባቡር ጣቢያው ሠራተኛ፦ የድሮ ጓደኛው ከባቡር ይወርዳል። የታመመው መምህር፦ በሩ ይንኳኳል። ሃያ አንዱም ሰዎች ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር፤ ለሃያ አንዱም ሰው መጣላቸው። በእያንዳንዱ ሥር ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ፣ በራሱ እጅ፣ ፍርዱ ሰፍሯል። «ደካማ ፍጻሜ።» «አሁንም እንግዳ? ደራሲዎቹ ሰነፉ።» «የማይሆን ነገር፤ ሰው እንዲህ ዝም ብሎ ተነስቶ አይመጣም።»

ይህንን ሁሉ ጽፎ ብቻ አልተወውም። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በስልክ፣ ጮክ ብሎ ነግሯታል።

ሰባ ዓመት የሞላው ሰው ወጥ ቤት ገብቶ፣ ማንም በሌለበት ቤት ማንም እንዳያየው በሩን ዘግቶ፣ አለቀሰ።

ዓርብ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረ። ሦስቱን ሰዓት በሙሉ የሚላትን ሲያዘጋጅ ሄደ፤ ጻፈው፣ ሰረዘው፣ እንደገና ጻፈው። ልጇ በስልክ የነገረውን አቅጣጫ ይዞ ሰማያዊውን በር ሲያንኳኳ ምራቷ ከፈተችለትና በዝምታ ወደ ጓሮ መራችው። መደምደሚያ በጓሮው በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ነው። ከስታለች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። ፊቷ ወደ እሱ ዞሯል፤ ዓይኗ ግን ከትከሻው በላይ አልፎ አጥሩን ያያል።

ያ ሁሉ የሦስት ሰዓት ዝግጅት ውሃ በላው።

«እኔ ነኝ» አለ።

ፊቷ ተኮሳተረ። «አንቺ ልጅ» አለች ምራቷን፣ «አላናግረውም አላልኩም? ስልኩን ዝጊው።»

«ኧረ እማማ...»

«ዝጊው አልኩሽ! የሚለውን ሰምቼዋለሁ። ትክክል ነው፤ ማንም አይመጣም። ደግሞ ልስማው?»

አራሚው ጉልበቱን እያመመው ከወንበሯ ፊት በርከክ አለና እጇን ያዘ። እጇን ልትነጥቀው ስትል ተወችው። ጣቶቿ በጣቶቹ ላይ፣ በእጅጌው ላይ፣ በኮቱ ቁልፎች ላይ ወጡ፤ አገጩን፣ ጉንጩን ዳሰሱ፤ ጉንጩ ርጥብ ነበር። ምራቷ ቀስ ብላ ወደ ቤት ገባች።

መደምደሚያ እጅጌውን እንደጨበጠች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችው፦

«ስንት ሰዓት ነው የምትመለሰው?»

የስምንት ሰዓቱ መመለሻ ቲኬት በደረት ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ገና አልቆረጥኩም» አላት።